ከፋኖሱ ሥር ያንጠለጠልኩት ስም

ከመጀመሬ በፊት ይሄን ያዝልኝ፣ እኔ በእንዲህ ዓይነት ነገር የማምን ሰው አልነበርኩም። ደሴ ልጅ ሳለን ጎረቤቶቻችን ስለ ዛር፣ ስለ ቡዳ፣ ሲመሽ ወንዝ ዳር ስለሚጣራ ነገር ሲያወሩ "እስቲ በዓይኑ ያየ ሰው አምጡ" እያልኩ የማበሽቃቸው እኔ ነበርኩ። አሁንም ቢሆን አንድ ሰው መጥቶ ይህንኑ የምነግርህን ታሪክ ቢነግረኝ፣ እስከ መጨረሻው አዳምጬ "ወንድሜ፣ እንቅልፍ አንሶሃል፣ ኦቨርታይም ቀንስ" ብዬ ነው የምሸኘው። ስለዚህ ባታምነኝ አልቀየምህም፣ ብቻ ሳልጨርስ አትሳቅብኝ።

ሙሉጌታ እባላለሁ፣ እዚህ ውጭ አገር ጋርላንድ የምትባል ከተማ ነው የምኖረው፣ ሥራዬ በሽተኛ ማመላለስ ነው፣ ዊልቸር የሚያነሳ ቫን ይዤ ሰዎችን ከቤታቸው ወደ ሕክምና፣ ከሕክምና ወደ ቤታቸው አደርሳለሁ። ከተሳፋሪዎቼ ሁሉ የምወዳቸው ሚስተር ሹ የሚባሉ ጎረቤት ከተማ ፕሌኖ የሚኖሩ ቻይናዊ ሽማግሌ ናቸው፣ ሰኞ፣ ረቡዕና ዓርብ ለኩላሊት እጥበት እወስዳቸዋለሁ፣ ይኸው ሁለት ዓመት አለፈን። እሳቸው እንግሊዝኛ አይችሉም፣ እኔ ቻይንኛ አልችልም፣ ግን እመነኝ፣ ከሳቸው ጋር የተግባባሁትን ያህል ከሥጋ ዘመዴ ጋር አልተግባባሁም። ብርቱካን ልጠው ግማሹን ከኋላ ያቀብሉኛል፣ እኔ ደግሞ መንገዱ ላይ ጉድጓድ ሲመጣ እጄን አነሳለሁ፣ ወንበራቸውን ጨብጠው ይጠብቃሉ፣ ይኸው ነው ወሬያችን።

አንድ ዓርብ ሳደርሳቸው ልጃቸው ግሬስ በሩ ላይ ጠበቀችኝና "ነገ የፋኖስ በዓላችን ነው፣ እዚሁ ሰፈር ኩሬው ያለበት ፓርክ ውስጥ ነው፣ አባቴ 'ሾፌሬ ይምጣ' ብለዋል" አለችኝ። እኔ ቅዳሜ ማታ የምሄድበት ቦታ የለኝም፣ ቅዳሜ ማታ ልብስ ነው የማጥበው። እሺ አልኳት፣ ደስ እንዳለኝም አልደብቅህም።

አሁን ስለ ዳዊት ልንገርህ፣ ነገሩ ሁሉ የሱ ነው። ዳዊት ታናሽ ወንድሜ ነው፣ እናታችን የወለደችው እኛን ሁለታችንን ብቻ ነው፣ በስድስት ዓመት እበልጠዋለሁ። እዚህ ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ አራት ዓመት አንድ አፓርታማ ውስጥ አብረን ኖርን፣ በኋላ ነርስነት ሲማር ሮውሌት የምትባል ሌላ ጎረቤት ከተማ ቤት ተከራይቶ ወጣ። የነርስነት ፈተናውን ሊፈተን አንድ ቀን ሲቀረው አክስታችን ከደሴ ደወለችልኝ። "እናትህ ደክማለች፣ የዳዊትን ድምፅ አሰሙኝ እያለች ነው፣ አሁኑኑ አገናኘኝ" አለችኝ። እኔ ምን አልኩ መሰለህ? "ነገ፣ ከፈተናው ሲወጣ" አልኩ። የተለመደው ሕመሟ መሰለኝ፣ ልጁ ደንግጦ እንዳይወድቅ ብዬ ነው፣ በሚካኤል ስም እምልልሃለሁ፣ ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። በማግስቱ ዳዊት ፈተና ላይ ተቀምጦ ሳለ እናታችን አረፈች።

መርዶ በስልክ አይነገርም፣ ታውቃለህ፣ ሽማግሌ ተሰብስቦ ሊነጋጋ ሲል በር ተንኳኩቶ ነው። ሰዎቹ ደግሞ ሁሉም ሠራተኛ ናቸው፣ የሚመቻቸው እሁድ ብቻ ነበር፣ ስለዚህ አምስት ቀን ያዝኩት። በነዚያ አምስት ቀናት ውስጥ ዳዊት ደውሎ "አለፍኩ!" አለኝ፣ ሳቀ፣ እኔም አብሬው ሳቅሁ። መርዶውን ሲሰማ መጀመሪያ የተናገረው "አምስት ቀን አሳቅኸኝ" የሚል ነበር። ቀጥሎ "ታማ ነበር? ቀድመህ ታውቅ ነበር?" ብሎ ጠየቀኝ፣ እኔም በሽማግሌዎቹ ፊት "ድንገት ነው፣ የሰማሁትም ካረፈች በኋላ ነው" አልኩት። ዋሸሁት። አክስታችንም ዓመት ሳይሞላት እናቴን ተከተለቻት፣ እና ያቺን የስልክ ጥሪ የሚያውቅ በዓለም ላይ እኔ ብቻ ቀረሁ።

በዚያው ተኮራረፍን፣ ሦስት ዓመት። ሽማግሌዎቹ ሁለት ጊዜ ሊያስታርቁን ሞክረዋል፣ በሁለተኛው ዳዊት "ይምጣ፣ በሬ ክፍት ነው" ብሎ ልኮብኝ ነበር፣ የቀረሁት እኔ ነኝ። ሰው ኩራት መሰለው። እኔ ግን ልሂድ ብል ፊቱ ተቀምጬ ያንን "ነገ" ያልኩትን ልነግረው ነው፣ ካልነገርኩትም ታርቄ ምን ይረባኛል? ሦስት ዓመት ሙሉ መኪና ውስጥ ብቻዬን ስሆን ጮክ ብዬ እለማመደዋለሁ፣ "ዳዊትዬ፣ አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ" እልና እዚያ ላይ ድምፄ ይቆማል።

ቅዳሜ ወደ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ፓርኩ ደረስኩ፣ ገና እየጨላለመ ነበር። አቤት ሰዉ! የወረቀት ፋኖስ ቀይ፣ ቢጫ፣ ብርቱካንማ፣ ከዛፍ ዛፍ በተዘረጋ ገመድ ላይ ተደርድሯል፣ በኩሬው ዙሪያ የዓሣና የዘንዶ ቅርፅ ያላቸው ትልልቅ ፋኖሶች ቆመዋል፣ ሁሉም በባትሪ ነው የሚበሩት፣ እሳት የለም። ሚስተር ሹ ዊልቸራቸው ላይ ሆነው ከመግቢያው አጠገብ አንድ ጠረጴዛ ይዘዋል፣ ፊታቸው ላይ ብሩሽና ቀለም አለ፣ ሲያዩኝ ጥርስ በሌለው አፋቸው ሳቁልኝ። ግሬስ ረዘም ያለች ቀይ ወረቀት ሰጠችኝና "የምትመኘውን በቋንቋህ ጻፍ፣ ከፋኖስ ሥር አንጠልጥለው" አለችኝ።

ወረቀቱን ይዤ ቆምኩ። "ከዳዊት ጋር አስታርቀኝ" ብዬ ልጽፍ ነበር፣ አፈርኩ፣ የቻይና በዓል ላይ ቆሜ የወንድሜን ጉድ ልጽፍ? ከኋላዬ ወረፋ አለ፣ አንዲት ሴትዮ ጉሮሮዋን ጠረገች፣ እጄ ዝም ብሎ የለመደውን ጻፈ። የለመደውን ስልህ፣ የኛ ሰው አንዱ ወደ ገዳም ወይም ወደ ጠበል ሲሄድ ቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፈን የምንሰጠው ምንድን ነው? የክርስትና ስማችንን ነዋ። ችግራችንን አንዘረዝርም፣ ስሙ በጸሎት ይጠራ እንጂ የቀረውን የላይኛው ያውቀዋል እንላለን። እኔም "ኃይለ ሚካኤል" ብዬ ጻፍኩ፣ በሐሳቤ ግን ሮውሌት ነበርኩ፣ የዳዊት በር ላይ ቆሜ። ይህንን ስም በሕይወት ካለ ሰው የሚያውቀው የንስሐ አባቴና ዳዊት ብቻ ናቸው። ወረቀቷን ወሰድኩና ኩሬው ዳር ካለው ረድፍ የመጨረሻዋ ቢጫ ፋኖስ ሥር አንጠለጠልኳት።

ከዚያ ዞርኩ፣ ብቻውን የመጣ ሰው እንደሚዞረው። በትኩስ ጣፋጭ ውሃ ውስጥ የሚንሳፈፍ የሩዝ ዱቄት ድብልብል በኩባያ ሰጡኝ፣ አንዱን ስነክሰው ውስጡ ያለው ሰሊጥ ምላሴን አቃጠለኝ፣ የሚስቅብኝም ሰው አልነበረም። አንድ ነገር ልብ ብለሃል? ሕዝብ በተሰበሰበበት ቦታ ብቻህን ከቆምክ ሁሉም ስልኩን የሚሰጠው ላንተ ነው። "ኤክስኪውዝ ሚ፣ ፎቶ ታነሳናለህ?" አያት፣ ልጅ፣ የልጅ ልጅ ይደረደራሉ፣ "አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት" እላለሁ፣ አመስግነውኝ ይሄዳሉ። አራት ቤተሰብ አነሳሁ። አምስተኛዎቹን ኩሬው ዳር ሳነሳ ስክሪኑ ላይ ከኋላቸው አንድ ሰው ጀርባውን ሰጥቶ ቆሟል፣ ቡናማ ጃኬት ለብሷል፣ ግራ ትከሻው ዝቅ ያለ ነው። እኔም ቡናማ ጃኬት ለብሻለሁ፣ ዊልቸር ከመግፋት ብዛት የኔም ግራ ትከሻ ዝቅ ያለ ነው። ቀና ስል ማንም የለም፣ ሣሩና ውሃው ብቻ። ፎቶውን ልየው ስል ሴትየዋ ስልኳን ተቀብላኝ "ቢውቲፉል" ብላ ሄደች። እስካሁን ያ ፎቶ የማላውቃት ሴት ስልክ ውስጥ አለ።

ቡናማ ጃኬት የለበሰ ሰው ሞልቷል፣ ብዬ ተውኩት። ቆይቶ ግን ቁልፍ ሰማሁ። የቫኑን ቁልፍ፣ የቤቴን ቁልፍ፣ የዊልቸር ማሰሪያውን ቁልፍ ባንድ ቀለበት አድርጌ ቀበቶዬ ላይ አንጠለጥለዋለሁ፣ ስራመድ የሚያወጣውን ድምፅ እንደ ገዛ ትንፋሼ ነው የማውቀው። ድምፁ ከፋኖሶቹ ረድፍ ወዲያ ማዶ መጣ፣ እኔ ግን ቆሜ ነበር። ቀበቶዬን ዳበስኩ፣ ቁልፌ አለ። አንድ እርምጃ፣ ቅጭል፣ አንድ እርምጃ፣ ቅጭል፣ ደረጃ ስወርድ የቀኝ ጉልበቴ እንደሚጮኸው ጉልበትም ጮኸ። ነፋስ የሚባል ነገር አልነበረም፣ ግን በዚያ በኩል ያሉት ፋኖሶች አንድ ሰው በትከሻው እየነካ ያለፈ ይመስል አንድ በአንድ ይወዛወዙ ነበር።

ከዚያ "አቤት!" የሚል ሰማሁ።

ማንም ማንንም አልጠራም። በዙሪያዬ ያለው ሁሉ ቻይንኛና እንግሊዝኛ ነው። ከማዶ ግን አንድ ሰው ሲጠሩት እንደሰማ ሁሉ "አቤት!" አለ፣ ወዳጄ፣ ድምፁ የኔ ነበር። የራስህን ድምፅ ተቀርጾ ስትሰማው አይደብርህም? እንደዚያ ነው የደበረኝ፣ ግን ሞቅ ያለ፣ ቤቱ እንግዳ እንደመጣለት ሰው ደስ ያለው ድምፅ ነበር፣ እኔ እንደዚያ ብዬ አቤት ካልኩ ስንት ዘመኔ። ኩባያው ከእጄ ወደቀ፣ ጣፋጩ ውሃ ጫማዬ ላይ ፈሰሰ፣ ቁልፉም እየራቀ፣ እየራቀ በመኪና ማቆሚያው በኩል ጠፋ።

እግሬን እየጎተትኩ ወደ ፋኖሴ ሄድኩ። ከረድፉ ሁሉ የእሷ መብራት ብቻ ጠፍቷል፣ ወረቀቷም የለችም፣ ክሩ ብቻ ተንጠልጥሏል። ወድቃ ይሆናል ብዬ ሣሩን በስልኬ መብራት ፈለግሁ፣ ውሃውንም አየሁ፣ ምንም የለም። ግሬስ ጋ ሄድኩና እየሳቅሁ ለመናገር ሞክሬ "ምኞቴ ተሰረቀ" አልኳት።

"ምን ብለህ ነበር የጻፍከው?" አለችኝ።

"ስሜን።"

"ስምህን? ምን ለማለት? ለምን ስምህን?"

"እኛ ጋ እንደዚያ ነው፣ ለጸሎት ስም ነው የምንሰጠው" አልኳት። ሳቀች፣ ዞራም ለአባቷ ነገረቻቸው። ሚስተር ሹ አልሳቁም። ብሩሻቸውን አስቀመጡና ረጅም ነገር ተናገሩ፣ ግሬስ እጇን አወናጨፈችባቸው፣ ደገሙት፣ ወደኔም በጣታቸው አመለከቱ።

"ምን አሉ?"

"ተወው፣ የገጠራቸው ወሬ ነው፣ ያሮጌ ሰው ነገር።"

"ግዴለም ንገሪኝ።"

"'ስትጽፈው የት ለመሄድ እያሰብክ ነበር?' ነው የሚሉህ" አለችኝ።

ሳልመልስላት ስልኬ ኪሴ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። አወጣሁት። ሦስት ዓመት አንዲት ፊደል ያልላከልኝ ዳዊት ቴክስት ልኮልኛል፣ ሁለት ቃል ብቻ ናት፣ "ቤት ገባህ?" ትላለች።

አስበው እስቲ። "ቤት ገባህ?" የሚባለው አሁን ካንተ ዘንድ ተነስቶ ለሄደ ሰው ነው። ለሌላ ሰው ሊልክ ሲል ተሳስቶ ይሆናል አልኩ፣ ከዚያ ሌላኛዋ መጣች፣ "ሙሌ፣ ስትደርስ ኮል አድርግ፣ ወንድሜ እግዚአብሔር ይስጥልኝ።" ሚስተር ሹን ሳልሰናበት ቫኑ ውስጥ ገባሁ። ከፕሌኖ ሮውሌት ግማሽ ሰዓት ነው፣ እንዴት እንደነዳሁ አላውቅም፣ ኋላ ያሉት ባዶ ወንበሮች ላይ አንድ ጊዜም ዞሬ እንዳላየሁ ግን አስታውሳለሁ።

ዳዊት በሩን ከፈተ። ሦስት ዓመት ያላየሁት ወንድሜ፣ ጺሙ ላይ ሽበት ጣል ጣል ብሎበታል፣ ዓይኖቹ በልቅሶ ብዛት አብጠዋል፣ ፊቱ ግን እናታችን ሰንበት ቅዳሴ ሰምታ ስትመለስ የነበራት ዓይነት ፊት ነበር።

"ምን ረስተህ ነው?" አለኝ።

"ግባ እንጂ፣ ብርድ ነው" ብሎ እጄን ያዘኝ። ሳሎኑ ውስጥ ጠረጴዛው ላይ ሁለት ብርጭቆ አለ፣ የአንደኛው ውሃ ተጋምሷል፣ ሁለት ወንበር ፊት ለፊት ተጠጋግቶ ተቀምጧል፣ ጉልበትና ጉልበት እስኪነካካ ድረስ። ዳዊት ብቻውን ነው የሚኖረው፣ አላገባም።

"ዳዊት፣ እኔ ከመቼ ጀምሮ ነው እዚህ ..." ብዬ ጀመርኩ።

"እንዴ፣ አሁን ሄደህ አሁን! ማለቴ፣ አርባ ደቂቃ ቢሆንህ ነው። መኪናህን የት ነበር ፓርክ ያደረግኸው? ልሸኝህ ብወጣ መንገድ ላይ የለህም።" ከዚያ አቀፈኝ። ሦስት ዓመት ሰው አላቀፈኝም ብልህ እውነቴን ነው፣ በሽተኛ ሳነሳ ከሚይዙኝ በስተቀር። ጆሮዬ ላይ እንዲህ አለኝ፣ "ሙሌ፣ እዚህ በር ላይ ቆመህ 'አንድ ያልነገርኩህ ነገር አለ' ስትለኝ ልዘጋብህ ነበር፣ ጌታ ይመስገን አልዘጋሁም። 'ነገ' ያልከውን እኔም ብሆን እለው ነበር፣ ኦኬ? እኔም ለፈተናው ብዬ እለው ነበር። ይቅር ብዬሃለሁ፣ ደግመህ እንዳታለቅስ።"

ወዳጄ፣ ያንን ጥሪ የምናውቀው እኔና አክስቴ ነበርን፣ እሷ አፈር ውስጥ ናት፣ እኔ ደግሞ ፕሌኖ ኩሬ ዳር የሰው ፎቶ እያነሳሁ ነበር።

"ደግሞ መልእክቷን ስላመጣህልኝ" አለ ዳዊት፣ "እሱን ባትነግረኝ ኖሮ እስክሞት እንዲሁ ነበርኩ።"

"የምን መልእክት?" አልኩት።

"የእማዬን ነዋ። ለኔና ላንተ ያለችውን።"

እመነኝ፣ እናቴ ለኔ ምንም መልእክት አልሰጠችኝም። ስልኩ ላይ የነበረችው አክስቴ ናት፣ ከኋላዋ የሆነ ሳል ሰምቻለሁ፣ ሌላ ምንም። "ምን ነበር ያለችው፣ እስቲ ድገምልኝ" አልኩት፣ ልመና ነበር የሆነብኝ።

ዳዊት ራሱን ነቀነቀ፣ ፈገግ አለ። "አይሆንም። 'አንዴ ብቻ ነው የማወራው፣ አንተም እንዳታነሳብኝ፣ እኔም ብጠይቅህ እንዳትመልስልኝ' ብለህ አስምለኸኛል እኮ፣ በእማዬ አጥንት! ልትፈትነኝ ነው የመጣኸው?"

"ዳዊት፣ ያ ሰው እኔ አልነበርኩም" ማለት ነበረብኝ። ግን አስበው፣ እኔ አልነበርኩም ካልኩት ይቅርታውስ የማን ሊሆን ነው? ያንን ፊቱን መልሼ ላጨልመው ነው? ሦስት ዓመት ሙሉ የሚያንቀኝ ነገር ሌላ ሰው ተናግሮልኛል፣ ምሕረቱን ግን የተቀበልኩት እኔ ነኝ፣ ያልሠራሁበትን ደሞዝ እንደመቀበል ነው። "ልፈትንህ ነው" አልኩና ሳቅሁ፣ እሱም ሳቀ፣ ያ ለሁለተኛ ጊዜ የዋሸሁት ነው።

ሰኞ ሚስተር ሹን ልወስድ ሄድኩ። ሽማግሌው ቫኑ ውስጥ ከመግባታቸው በፊት እጄን ያዙና እንደ ሐኪም የደም ሥሬን ዳበሱ፣ ለደቂቃ ያህል ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ፣ ለግሬስም አንድ ነገር አሏት።

"'ተመልሷል ወይ?' ይላሉ" አለችኝ፣ ፊቷ ላይ ይቅርታ አለ።

"ይኸው አለሁ በያቸው።"

ነገረቻቸው። ራሳቸውን ወዘወዙ፣ ደግመው ተናገሩ።

"'አንተን አይደለም' ይላሉ። በጣም ይቅርታ፣ አርጅተዋል" አለች። የዚያን ዕለት ብርቱካን አላቀበሉኝም፣ መንገዱን ሙሉ ዓይናቸው አጠገቤ ያለው ባዶ ወንበር ላይ ነበር።

ከዚያ ወዲህ እሁድ እሁድ ዳዊት ጋ እሄዳለሁ። ምሳ እንበላለን፣ እሱ ያወራል፣ እኔ አዳምጣለሁ። ነፃ ሆኜ ላወራው አልቻልኩም፣ ያ ሰው ምን እንዳለው አላውቅማ፣ እያንዳንዱን ቃሌን መዝኜ ነው የማወጣው። ሽማግሌዎቹ እኛን አብረን ሲያዩን ደስ አላቸው፣ ቤተ ክርስቲያን በር ላይ ትከሻዬን መታ መታ ያደርጉኛል። ደህና ነን፣ ሰው ሲያየን ደህና ነን።

ከሁለት ወር በኋላ ግን፣ አንድ እሁድ ሰሃን እያጠብን ሳለ ዳዊት ነገሩን እንደ ቀላል አነሳው። "ሙሌ፣ አንድ ነገር ልበልህ፣ አትቀየመኝ። እሁድ እሁድ ምን እንደሚነካህ አላውቅም፣ ቤተ ክርስቲያን ቆመህ ስለምትውል ይደክምሃል መሰለኝ፣ እንግዳ ትሆንብኛለህ። ማክሰኞ ማክሰኞ ስትመጣ ነው ወንድሜ የምትሆነው።"

ሰሃኑን አስቀመጥኩ። ማክሰኞ ማክሰኞ እኔ እስከ ማታ ሁለት ሰዓት ዋይሊ ከሚባል ከተማ ሰው አመላልሳለሁ፣ አንድም ማክሰኞ ዳዊት ቤት ረግጬ አላውቅም።

"አዎ፣ እሁድ ይደክመኛል" አልኩት።

ባለፈው ማክሰኞ ፈቃድ ወሰድኩ። ማታ አንድ ሰዓት ገደማ የራሴን መኪና ይዤ ሮውሌት ሄድኩ፣ ከቤቱ ሦስት በር ያህል ራቅ ብዬ አቆምኩ፣ መብራቴን አጠፋሁ። የሳሎኑ መጋረጃ ተዘግቷል፣ ውስጥ መብራት አለ፣ የሁለት ሰው ጥላ ይታያል፣ ጠረጴዛ ዙሪያ ተጠጋግተው ተቀምጠዋል። መስኮቴን ዝቅ አደረግሁ። ወንድሜ ይስቃል። ልጅ ሆነን አንድ አልጋ ላይ ስንተኛ እናታችን ግድግዳውን እስክትደበድብብን ድረስ እንደሚስቀው፣ ትንፋሹ እስኪያጥረው ነው የሚስቀው፣ ከኔ ጋር ከታረቅን ወዲህ አንድ እሁድ እንኳ እንደዚያ ስቆ አያውቅም። ከዚያ ሳቁ በረድ ሲል ሌላኛው ሰው ዝግ ባለ ድምፅ አንድ ነገር ጀመረ፣ ዳዊትም ለመስማት ጎንበስ አለ።

ወርጄ በሩን ላንኳኳ እጄ የመኪናዬ በር ላይ ነበር። ዳዊት ከፍቶ ሁለታችንን ባንድ ላይ ቢያይ የትኛችንን ነው "ግባ" የሚለው ብዬ አሰብኩ፣ እና እውነቱን ልንገርህ፣ መልሱን አወቅሁት። መስኮቴን ዘጋሁ፣ መንገዱ ጫፍ እስክደርስ መብራት ሳላበራ ነዳሁ፣ ቤቴ ገብቼ ልብስ ሳላወልቅ አልጋዬ ላይ ተቀመጥኩ። አራት ሰዓት ላይ ስልኬ ተንቀጠቀጠ፣ ዳዊት ነበር፣ "ቤት ገባህ?" ይላል። ብዙ ቆየሁና "ገብቻለሁ" ብዬ ጻፍኩለት።